አሮጌ የስፖርት መኪና ላላችሁ የዕድሜ እኩዮቼ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምጽፍላችሁ በየግቢው ጓሮ በሸራ ተሸፍነው ስለቆሙ አሮጌ የስፖርት መኪኖች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም አሉ። ባለቤቶቻቸው አብዛኞቹ እንደ እኔ ሰባን የተሻገሩ ናቸው። መኪኖቹ ግን አንድ በአንድ እያለቁ ነው። መንገድ ላይ ተጋጭቶ የሚያልቀው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ቤት ውስጥ ቆሞ ያልቃል። ባለቤቱ ይታመማል ወይም ያርፋል። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ይመጣና በኪሎ ይወስደዋል። ይህን ማስቀረት እንችላለን ብዬ ስለማምን ነው ብዕር ያነሳሁት። ቦታ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ። መኪናዬ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ነች፤ በፈረንጆቹ የ1969 ሥሪት። ወደዚህ አገር ያመጣት አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ለአጎቴ ሸጠለት። አጎቴ በደርግ ዘመን ብዙም አልነዳትም። ቤንዚን በኩፖን ነበር። ደግሞም ጣሪያዋ የሚከፈት ቀይ መኪና ይዞ ከተማ መታየት በዚያ ጊዜ ደግ ነገር አልነበረም። እሱ ሲያርፍ ወደ እኔ መጣች። ከዚያ ወዲህ አብረን ነን።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ካላልኩ አይሆንልኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በፈረንጆቹ 1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ነው። አካሏ የፒኒንፋሪና ሥራ ነው። ሞተሯን የነደፉት ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ናቸው፤ ቀደም ሲል የፌራሪን ሞተር የሠሩ ሰው። ያን ጊዜ አብዛኛው መኪና አራት ማርሽ ሲኖረው እሷ አምስት ነበራት። አራቱም እግሯ ላይ የዲስክ ፍሬን አለ። በላይ ያሉትን ሁለት ካምሻፍቶች፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች፣ የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን የጎማ ቺንጋ ነው፤ ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ይህ ሁሉ ደግሞ ሀብታም ብቻ ለሚገዛው መኪና አልነበረም። ደመወዝተኛ ቆጥቦ ሊገዛው ለሚችል መኪና ነው የተሠራው። ለእኔ ትልቅነቷ እዚህ ላይ ነው። እስከ 1985 ድረስ 200 ሺህ ገደማ ተመርታለች። አብዛኞቹ አሜሪካ ነው የሄዱት። ለኛ ከተማ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የሚቆጠሩት ደግሞ ከእንግዲህ አይጨመሩም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የሚጣለውን ታክስ በጣም ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ውሳኔውን አልቃወምም። ልጄ የምትነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ በነዳጅ ሰልፍ ጊዜ እኔንም የምታደርሰኝ እሷ ነች። ግን ከውሳኔው የሚከተለውን ነገር ልብ ልንል ይገባል። አሁን በየጓሮው ያለው አሮጌ ስፓይደር፣ አልፋ ሮሜዮ፣ አሮጌ መርሴዲስ ኩፔ፣ ያለን በሙሉ ይኸው ነው። አንዱ በኪሎ ከተሸጠ የሚተካው ከውጭ አይመጣም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መጀመሪያ ስለ አቀማመጡ።

በሙያዬ ዘመን ሁሉ ያየሁት ነው። የሚሠራ ሞተር ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቆሞ የሚከርመው ነው። አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ ሲቆም ዝም ተብሎ አይተውም። ሞተሩ በመከላከያ ዘይት ይታጠባል፤ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ይገባበታል፤ ክፍት ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፤ በየጊዜው ይታያል። ለመኪናም ያው ነው። «ቆልፌ ሸፍኛታለሁ፣ ምን ትሆናለች?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። የምትሆነውን እነግረዋለሁ።

የአዲስ አበባ ክረምት የመኪና ጠላት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ከላይም ከታችም ይመጣል። ቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብን ይከላከላል እንጂ እርጥበትን አይከላከልም። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ከውስጥ በኩል ጤዛ ይቋጥራል፤ ጠዋት ኮፈኑ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ስር ኮርኒስ ያስፈልጋል። ከግድግዳው ታችና ላይ ደግሞ አየር መግቢያና መውጫ ክፈቱ፤ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ከስር ያለው ሲሚንቶም እርጥበት ከመሬት ይስባል። የኔ ወለል ስሩ ፕላስቲክ አልነበረውም። ወፍራም ፕላስቲክ አነጠፍኩበት፤ በላዩ ሳንቃ ደረደርኩ። መኪናዋ አራት ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ብዙ ወጪ አልነበረውም።

ከሁሉ የባሰው ሽፋኑ ነው። እባካችሁ የጭነት መኪና ሸራ ወይም ላስቲክ በቀጥታ አታልብሷት። ከስሩ ያልባታል፤ ያም ላብ የሚወጣበት የለውም። ላሜራው ውስጥ ውስጡን ይዝጋል፣ ከላይ ቀለሙ እያማረ። እኔ አቡጀዲ ገዝቼ ለልኳ አሰፋሁላት። አቡጀዲ አቧራን ይይዛል፣ አየር ያስተላልፋል፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል። ፀሐይን በተመለከተ ግን አቡጀዲም አይበቃም። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ፀሐይዋ ዳሽቦርዱን ትሰነጥቃለች፤ የመሪውን እንጨት ታደርቃለች። ጣሪያ ያለው ቦታ ግድ ነው።

ጣሪያዋ የጨርቅ የሆነ መኪና ያላችሁ፣ ስታስቀምጧት ጣሪያውን ዘርግታችሁ እንጂ አጥፋችሁ አታስቀምጡ። ታጥፎ የከረመ ጨርቅ እጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። የስፓይደር የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ነው፤ ታጥፎ ከከረመ ይሰነጠቃል። እርጥብ እያለ ከታጠፈማ ሻጋታ ያበቅላል።

አይጥ ሌላው ነው። ብዙ ቤት ጋራዡ የእህል ማከማቻም ነው። ጤፉም፣ ሽሮውም፣ በርበሬውም እዚያ ይደረደራል። አይጥ ለጤፉ ብሎ ይመጣና ክረምቱን ኮፈኑ ስር ይከርማል። የኤሌክትሪክ ገመዱን ይበላል፤ ወንበሩ ውስጥ ይወልዳል። አንድ ወዳጄ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ገመዶቹ ተልጠው ስለነበር ጭስ ወጣ፤ እሳት ሳይነሳ የቀረው ባትሪውን ቶሎ ስለነቀለ ነው። እህሉን ወደ ሰርቪስ ቤት አዙሩት። የማርሚታውን ጫፍ በሽቦ ወንፊት ዝጉት፤ ከመነሳቷ በፊት ማውጣት እንዳትረሱ ቁልፉ ላይ ምልክት እሰሩ። ባትሪውንም ስታስቀምጡ ሁልጊዜ ኔጌቲቩን ንቀሉ።

አሁን ወደ ፈሳሾቹ። ቤንዚን ሲከርም ይበላሻል። ቀላሉ ተንኖ ያልቅና ሙጫ የመሰለ ነገር ካርቡራቶሩ ውስጥ ይቀራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ቤንዚናችን ውስጥ መደባለቅ እንደተጀመረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ የድሮውን የጎማ ቱቦ ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። ስለዚህ የነዳጅ ቱቦዎቹን ዘመኑ በሚሠራው ዓይነት ቀይሯቸው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያስቀረው ግን የእሳት አደጋ ነው።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ መሙላት የኛ አገር ልማድ ነው። «አዲስ አበባ መቼ በረዶ ይሆናል፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?» ይባላል። አንቲፍሪዝ የሚፈለገው ለብርድ ብቻ አይደለም፤ ዝገት የሚከላከል መድኃኒት አለው። የስፓይደር ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው። በተራ ውኃ ቆሞ ከከረመ ከውስጥ ይበላል። ያንን ያህል የተበላ ቴስታታ አይቻለሁ፤ ጓርኒሲዮኑ፣ ከስሩ የሚገባው ማሸጊያ፣ የሚያርፍበት ቦታ አልተረፈም። የፍሬን ዘይትም ውኃ ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ያልተቀየረ እንደሆነ የፍሬኑ ፒስቶን ይዝግና ይነክሳል። መኪናዋ ከወጣች በኋላ ነው የምታውቁት፤ ያም በኛ ዕድሜ የሚፈለግ ድንገተኛ አይደለም።

ቺንጋውን አደራ። ይህ የጎማ ቺንጋ በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም፣ በዓመትም ያረጃል። ቆሞም ያረጃል። «አልነዳኋትም እኮ» ብሎ መተው ሞተሩን ማጥፋት ነው። የኔ ቺንጋና ጓርኒሲዮን የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። ብዙዎቹ ስፓይደሮች እዚያ ስለተሸጡ ዕቃው ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል፤ ወንድ ልጄ ከቨርጂኒያ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይዞ ይመጣል። ጎማው ግን እዚሁ ነው። ልኩ ላዳ ታክሲዎች የሚጠቀሙበት ባለ 13 ነው። ቸርኬውም ከላዳ ጋር ብሎኑ ይገጥማል። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነውና። ሶማሌ ተራ ሄዶ የላዳ ቸርኬ መግዛት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጎማ ስትገዙ ግን ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ፤ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት መኪናዋን አይጠቅማትም። ይጎዳታል። ሞተር ሲነሳ ውኃ ይፈጥራል፤ ያ ውኃ ከዘይቱና ከማርሚታው የሚወጣው ሁሉም ነገር በደንብ ሲግል ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ውኃውን ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ወይ ግማሽ ሰዓት ንዷት፣ ወይ አታስነሷት።

እኔ መንዳቱን እመርጣለሁ። ጠዋት እሑድ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ከተማው ባዶ ሲሆን እወጣለሁ። አንዳንዴ በሱሉልታ በኩል፣ አንዳንዴ በድሮው መንገድ ዱከምን አልፌ ወደ ሞጆ። ፈጣን መንገዱ ላይ አልወጣም፤ ከጎኔ የሚያልፈው ጭነት መኪና ለትንሽ መኪና አይመችም። ወደ ታች ስንወርድ ድምጿ ይለወጣል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ካርቡራቶሩ ለዚህ አየር ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ሞጆ ስትደርስ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩም ደስ ይለዋል። ሰምቶት የማያውቅ ሰው ቢጠይቀኝ ቃል አላገኝለትም። ግን በሥራ የደከመ ዕድሜዬ ካተረፈልኝ ደስታዎች አንዱ ይህ ነው።

ዕድሜ ግን ዕድሜ ነው። ስፓይደር መሬት ላይ ነው የምታስቀምጥህ። መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ የጉልበት ነገር ነው። ባለቤቴ ወገባቸው ስለሚያማቸው ወንበሩን በሁለት ጣት ስፖንጅ አስነሳሁላቸው። በሩንም ሙሉ ለሙሉ የሚከፈትበት ሰፊ ቦታ ላይ ብቻ ነው የማቆመው። መሪው ያለ ኃይል ዕርዳታ ነው፤ ቆማ ስትዞር ክንድ ይፈልጋል። ፍሪሲዮኑም ለግራ ጉልበት ከባድ ነው። የፍሪሲዮኑን ካቦ ማስቀየርና መቀባት ግማሹን ክብደት አስቀርቶልኛል። ዓይኔን ሞራ አስገፍፌያለሁ፤ እንደዚያም ሆኖ ማታ አልነዳም። የፊት መብራቷ ለዛሬ ትራፊክ ደካማ ነው፤ ሞተር ሳይክሎቹም ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም። በክረምት ደግሞ አስፋልቱ ሲረጥብ አላወጣትም። እንደ አሁኑ መኪና ፍሬን ሲነክስ የሚያስለቅቅ ኮምፒዩተር የላትም።

የዕድሜ እኩዮቼን የምለምነው ይህን ነው። መንዳት የማትችሉበት ቀን ሳይመጣ ማን እንደሚነዳላችሁ ወስኑ። መኪናው ቤት ውስጥ ቆሞ እናንተን እየጠበቀ አይኖርም።

የአንድ ጓደኛዬን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ኩፔ ነበረችው። እጅግ ያማረች። እንደ ብዙ ሰው በውክልና ነበር የገዛት፤ ሊብሬው በሻጩ ስም እንደነበረ ቀረ። ሻጩ ውጭ አገር ሄዶ እዚያው አረፈ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት እንደሚቀር ጓደኛዬ የሰማው ቦሎ ሊያሳድስ ሄዶ ነው። የሻጩን ወራሾች መፈለግ ተጀመረ። አንዱ እዚህ፣ ሌላው ካናዳ። በመሃል ጓደኛዬ ታመመ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረፈ። የእሱ ልጆች በበኩላቸው የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ነበረባቸው፤ ያውም በአባታቸው ስም ላልሆነ መኪና። በቤቱ ጉዳይ ደግሞ አልተስማሙም። መኪናዋ በክርክሩ መሃል ሜዳ ላይ ቆመች። ሸራው በነፋስ ተቀደደ። ወለሏ ዝጎ ወደቀ። የመጨረሻውን ክረምት ሳያት በሩ ሲከፈት ከማጠፊያው ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ተሸጠች፤ በኪሎ።

ማንም ክፉ አልነበረም። ልጆቹም ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ወረቀቱ ግን መንገድ ዘጋባቸው። ስለዚህ ከቀለምና ከሞተር በፊት ወረቀታችሁን እዩ። ሊብሬው በማን ስም ነው? በሌላ ሰው ስም ከሆነ ያ ሰው በሕይወት ሳለ ስሙን አዛውሩ። ወጪ አለው፤ ግን ከቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን አጣሩ። በድሮ ጊዜ ሞተር የተቀየረላት መኪና ብዙ ናት፤ ያልተመዘገበ ከሆነ ለተረካቢው ራስ ምታት ነው።

ኑዛዜም አለ። «ለእሱ ነው የምሰጠው፣ ሁሉም ያውቃል» ማለት አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥብቅ ነው። በምስክር ፊት የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያው መፈረም አለበት። በእጅ የሚጻፈው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን ይገባዋል። በ7 ዓመት ውስጥ ለሚመለከተው መዝገብ ቤት ካልተሰጠም ይቀራል። አንድ ጠበቃ አማክሩ። ከዚያም በላይ ጥሩው በቁም ማዛወር ነው።

እኔ ወስኛለሁ። ልጆቼ መኪናዋን ይወዷታል፣ ግን ሁለቱ ውጭ ናቸው፤ እዚህ ያለችው ደግሞ በግልጽ «አባዬ፣ እኔ እሷን መያዝ አልችልም» ብላኛለች። ቅር አላለኝም። እውነቱን መናገሯ ረድቶኛል። መኪናዋ የምትሄደው ወደ እህቴ ልጅ ነው። መሐንዲስ ናት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ቁልፍ ስታቀብለኝ ያደገች ናት። ዘንድሮ ካርቡራቶሩን እሷ ናት ፈትታ ያጠበችው። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ያንን ትንሿን ስፕሪንግ እንዳትጥያት» ከማለት በቀር እጄን አላስገባሁም። «ጋሼ፣ አሁን ዝም በሉ፤ አይቻታለሁ» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ከወረቀቱ ጋር አንድ ወፍራም ደብተርም እሰጣታለሁ። ምን መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ብሎን ወደ ቀኝ እንደሚፈታ ተጽፎበታል። ዝገት የሚጀምርባቸውንም ቦታዎች በሥዕል አስቀምጫለሁ። በዚህ መኪና ላይ የፊት ሾክ አብዞርበር የሚታሰርበት ቦታ ቀድሞ ይሄዳል፤ ስቱኮ ተለጥፎበት ከላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ማግኔት አስጠግታችሁ እዩት፤ ካልያዘ ብረት የለም ማለት ነው። ሁላችሁም እንዲህ ዓይነት ደብተር ጻፉ። በኛ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ለሌላው አይታይም።

ለመንገድና ትራንስፖርት ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። በሌላው ዓለም ለእንዲህ ዓይነት መኪና ራሱን የቻለ ምድብ አለ። በፈረንጆቹ 1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ትርጉሙን አስቀምጧል። ዕድሜው ቢያንስ 30 ዓመት የሆነ፣ የጥንት ይዞታውን የጠበቀ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል ተሽከርካሪ ነው። ጀርመን ውስጥ ከፈረንጆቹ 1997 ጀምሮ 30 ዓመት ለሞላው መኪና ልዩ ሰሌዳ ይሰጣል። በእንግሊዝ 40 ዓመት ሲሞላው ከመንገድ ታክስ ነጻ ይሆናል። እነሱ ይህን ያደረጉት ለሀብታም መጫወቻ ሲሉ አይደለም፤ ታሪካቸው ስለሆነ ነው። እኛ አገር መኪና የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ምን እንደነዳን፣ ትንሿ ፊያት፣ ሴቼንቶ ታክሲው፣ ምን ይመስል እንደነበር፣ ለልጆቻችን ማሳየት የምንችለው ዕቃው ካለ ብቻ ነው።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። ዕድሜው 40 ዓመት ያለፈ፣ በዓመት ጥቂት የሚነዳ መኪና በራሱ መዝገብ ይያዝ። ሦስተኛ ወገን መድኑ ይግባለት፣ ፍሬኑና መሪው በጥብቅ ይመርመር፤ በዚህ ላይ ምሕረት አልጠይቅም። ግን ምርመራው መኪናው በተሠራበት ዘመን ልክ ይሁን። ባለቤቱ ሲያርፍ ደግሞ የውርስ ጉዳይ እስኪያልቅ መኪናው የሚጠበቅበት፣ ወራሾቹም ተስማምተው ቶሎ ስም የሚያዞሩበት ቀለል ያለ አሠራር ይኑር።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጋዜጠኞቻችሁ አንዱ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር ይጠይቅልን። የጥንት መኪና የሚባል ምድብ በመመሪያ አለ ወይ? ከሌለስ እየታሰበበት ነው? መልሱን አትሙልን። ጓሮው ውስጥ አሮጌ የስፖርት መኪና ያለው፣ ወይም አባቱ ትቶለት ምን እንደሚያደርጋት ግራ የገባው አንባቢም ቢጽፍላችሁ ደብዳቤውን አድርሱኝ። ቴስታታ መፍታት ባልችልም መጥቼ አያለሁ፤ ማግኔቴን ይዤ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ የአውሮፕላን መካኒክ
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ